ከሞራ እስከ ድኝ፦ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ታሪክ

ባለአራት ጎማ መንጃ የሆነ ያገለገለ ፒክአፕ ሥር የገባ ሰው፣ ከሞተሩ ዘይት የተለዩና በየራሳቸው የብረት ሳጥን የታሸጉ ሦስት ወይም አራት የፈሳሽ ማደሪያዎችን ያገኛል። የመጀመሪያው ካምቢዮ ነው፤ የሞተሩን ዙር እንደ መንገዱ ሁኔታ የሚያዘገይ ወይም የሚያፈጥን የጥርሶች ቤት ማለት ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚከፍለው የማከፋፈያ ሳጥን ይመጣል፤ በመጨረሻም በፊትና በኋላ አክስል ላይ ዲፈረንሻሎቹ አሉ፤ እነርሱም በቁመት የመጣውን ዙር ወደ ጎን መልሰው ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያድሉ፣ መኪናው ሲታጠፍም ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅዱ ክፍሎች ናቸው። ሦስቱም ሥራቸው ጥርስን ከጥርስ ማገናኘት ሆኖ ሳለ የሚጠጡት ፈሳሽ ግን አንድ አይደለም፤ በአንዱ መኪና ካምቢዮ ውስጥ ወፍራም የጥርስ ዘይት፣ በሌላው የሞተር ዘይት፣ በሦስተኛው ደግሞ ቀይ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ፈሳሽ ይገኛል። ይህ ልዩነት በአምራቾች ፈቃድ ብቻ የመጣ አይደለም። እያንዳንዱ ፈሳሽ የአንድ ዘመን ብረት፣ የአንድ ዘመን ኬሚስትሪና አንዳንዴም የአንድ ዘመን ሕግ የተገናኙበት ውጤት ነው፤ ስለዚህም ለአሮጌ መኪና ዘይት መምረጥ መኪናው በተሠራበት ጊዜ መሐንዲሶቹ ከምን ጋር ይታገሉ እንደነበር ከማወቅ ሊለይ አይችልም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፈረንሳዊው ኤሚል ሌቫሶር በ1891 ሞተሩን ከፊት፣ ፍሪሲዮኑንና ተንሸራታች ጥርሶቹን ከኋላው አድርጎ ዘመናዊውን የመኪና አቀማመጥ ሲያስጀምር፣ ጥርሶቹ ሳጥን እንኳ አልነበራቸውም፤ ለአቧራና ለጭቃ ተጋልጠው ይሠሩ ስለነበር ቅባታቸው የሚቀባ እንጂ የሚሞላ አልነበረም። የእንስሳት ሞራ፣ ግራሶና ከግራፋይት ጋር የተደባለቀ ስብ ለዚያ ዘመን በቂ ነበር። ጥርሶቹ በሳጥን ከታሸጉ በኋላ ግን ፈሳሽ ያስፈለገ ሲሆን፣ ያኔ በገበያው ላይ የነበረው ምርጥ ወፍራም ዘይት ለመኪና ሳይሆን ለእንፋሎት ሞተር የተሠራው ነበር። በ1866 በኒው ዮርክ ግዛት በሮቸስተር ከተማ የተመሠረተው ቫኪውም ኦይል ኩባንያ 600-ደብሊው በሚል የንግድ ስም ይሸጠው የነበረው የእንፋሎት ሲሊንደር ዘይት፣ በእርጥብና በጋለ እንፋሎት ሳይታጠብ በብረት ላይ እንዲቆይ ጥቂት የእንስሳት ሞራ የተቀላቀለበት፣ ጥቁርና በጣም ወፍራም ዘይት ነበር። ፎርድ ከ1927 እስከ 1931 ለሠራው ሞዴል ኤ ካምቢዮና ዲፈረንሻል ይመከር የነበረው ይኸው ዓይነት ነው፤ ቁጥሩም የንግድ መጠሪያ እንጂ ዛሬ በጣሳ ላይ ከሚነበበው የውፍረት ደረጃ ጋር ዝምድና የለውም።

ይህ የእንፋሎት ዘይት ለጭነት መኪናዎች ታሪክ የተለየ ቦታ አለው። ፎርድ በ1917 ያወጣው ባለአንድ ቶኑ ሞዴል ቲቲ፣ የኋላ አክስሉ ትል መሰል በሆነ የብረት ጠመዝማዛና እርሱ በሚያዞረው የነሐስ መንኮራኩር የሚሠራ ነበር። ነሐስ፣ ማለትም የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ፣ ከብረት ጋር ሲንሸራተት ቶሎ የማይነካከስ በመሆኑ ለዚህ ሥራ ተመራጭ ነው፤ ሞራ የተቀላቀለበት ዘይት ደግሞ ለነሐስ የሚስማማ ነው። ሚያዝያ 15 ቀን 1925 ፎርድ ከፋብሪካ ካሶኒ የተገጠመለትን የመጀመሪያውን ፒክአፕ በ281 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ፣ የዘይት ምርጫ ለባለቤቱ ከባድ ጥያቄ አልነበረም፤ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር አንድ ዘይት ይጋራ ነበር፣ የኋላውም አክስል ወፍራም የሆነ ነገር ካገኘ ይረካ ነበር። ጥያቄው የከበደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያከበደውም እዚያችው ሮቸስተር ከተማ የሚገኝ ሌላ ፋብሪካ ነው።

ዊልያም ግሊሰን በ1865 የከፈተው የማሽን መሥሪያ፣ በ1874 ሾጣጣ ጥርሶችን የሚቆርጥ ማሽን ከሠራ በኋላ በዚህ ሙያ በዓለም የታወቀ ሆኗል። ልጁ ኬት ግሊሰን የድርጅቱን ማሽኖች በአሜሪካና በአውሮፓ ስታስተዋውቅና ስትሸጥ የኖረች፣ በ1914ም የአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ሙሉ አባል በመሆን የመጀመሪያዋ ሴት ለመሆን የበቃች ናት፤ የመኪና ኢንዱስትሪው ጥርስ ወደ ግሊሰን ማሽኖች የተጠጋው በእርሷ ትጋት ጭምር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ድርጅቱ በ1920ዎቹ አጋማሽ ሃይፖይድ የተባለውን የጥርስ ዓይነት አቀረበ። ከዚያ በፊት በዲፈረንሻሉ ውስጥ ትንሹ ጥርስ፣ በጋራዥ ቋንቋ ፒኞን የሚባለው፣ ከትልቁ ክብ ጥርስ ማለትም ከኮሮናው ማዕከል ትይዩ ሆኖ ይቀመጥ ነበር። በሃይፖይድ ግን ፒኞኑ ከማዕከሉ ዝቅ ይላል። በዚህም የኃይል ማስተላለፊያው ዘንግ አብሮ ዝቅ ስለሚል የመኪናው ወለል ዝቅ ይላል፤ ፒኞኑም ወፈር ብሎ ሊሠራ ስለሚችል ጥንካሬው ይጨምራል፤ ድምፁም ይቀንሳል። ፓካርድ በዚያው አሥርተ ዓመት መጨረሻ በቅንጡ መኪኖቹ ላይ የተቀበለው ይህ ንድፍ በ1930ዎቹ ተስፋፍቶ፣ ኋላም የፒክአፕ ሁሉ የኋላ አክስል ልማድ ሆኗል።

የዚህ ንድፍ ዋጋ በዘይቱ ላይ ወደቀ። ቀድሞ ጥርስ በጥርስ ላይ በአብዛኛው ሲንከባለል፣ በሃይፖይድ ግን በከባድ ጫና እየተጫነ በጥርሱ ርዝመት ላይ ይንሸራተታል። መንሸራተቱ በመካከላቸው ያለውን ስስ የዘይት ሽፋን ጠርጎ ያወጣዋል፤ ዘይቱ የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን ብረቱ ብረቱን ከመንካት አይድንም፤ በሚነካካበት ነጥብም ሙቀቱ ለቅጽበት እስከ መበየድ ይደርሳል፣ ከዚያም ይቀደዳል። በተራ የማዕድን ዘይት የተሞሉ የመጀመሪያዎቹ ሃይፖይድ አክስሎች በአጭር ጊዜ የተበላሹት በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ከውፍረት ሳይሆን ከኬሚስትሪ መጣ፤ ዘይቱ ውስጥ ድኝ፣ ክሎሪንና የእርሳስ ሳሙና ተጨመረ። እነዚህ ከፍተኛ ጫና ተከላካይ ቅመሞች በተራ ሙቀት ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ብረቱ በሚነካካበት የጋለ ነጥብ ላይ ግን ከብረቱ ገጽ ጋር ተዋሕደው፣ ለምሳሌ ድኙ የብረት ሰልፋይድ የተባለ ስስ ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱ በቀላሉ የሚሸረፍ በመሆኑ በብረቱ ፋንታ እርሱ ይሸረፋል፣ ወዲያውም ሌላ ይተካል። በሌላ አነጋገር ሃይፖይድ ዘይት ጥርሱን የሚያድነው ገጹን በጥቂቱ እየበላ ነው። የጥርስ ዘይት ታሪክ ከዚያ ወዲህ ያለው ጭንቀት ሁሉ ከዚህ እውነት የመነጨ ነው፤ ምክንያቱም ብረትን በልክ የሚበላ ነገር ሌላውን ማዕድን ያለ ልክ ሊበላ ይችላል።

ውፍረትን በሚመለከት እስከ ዛሬ ብዙ ሰው የሚያሳስት አንድ ነገር እዚህ ላይ መነሳት አለበት። በ1905 የተመሠረተው የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኤስኤኢ፣ ለሞተር ዘይትና ለጥርስ ዘይት ሁለት የተለያዩ የቁጥር መለኪያዎች ሰጥቷል። ስለዚህ «90» ቁጥር የተባለው የጥርስ ዘይት «40» ከተባለው የሞተር ዘይት ከሁለት እጥፍ በላይ የወፈረ አይደለም፤ በጋለ ጊዜ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፣ ቢበዛ «90» ወደ «50» የሞተር ዘይት ይጠጋል። «75ደብሊው-90» በሚለው አጻጻፍ የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚፈስ፣ የኋለኛው ደግሞ በሙቀት ጊዜ ምን ያህል ውፍረቱን እንደሚጠብቅ ያመለክታል። ከሁለቱም ቁጥሮች አንዱ እንኳ በውስጡ ድኝ መኖር አለመኖሩን አይናገርም፤ ለዚያ ሌላ ደረጃ አስፈልጓል።

ያ ደረጃ የተወለደው በጦር ሠራዊት ውስጥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ሠራዊት ከብዙ ፋብሪካዎች የተሰበሰቡ እጅግ ብዙ መኪኖች ከበረሃ እስከ በረዶ ያንቀሳቅስ ስለነበር፣ ለእያንዳንዱ አክስል የተለየ ጣሳ ማጓጓዝ አይችልም ነበር፤ በመሆኑም በአንድ ዝርዝር መስፈርት የሚገዛ ለሁሉ የሚሆን የጥርስ ዘይት ፈለገ። ከጦርነቱ በኋላ በ1950 የወጣው ሚል-ኤል-2105 የተባለው ወታደራዊ መስፈርትና በ1962 የወጣው እጅግ የጠነከረው ሚል-ኤል-2105ቢ የዛሬዎቹ ሁለት ታዋቂ ደረጃዎች ወላጆች ናቸው፤ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም የመጀመሪያውን የሚመጥነውን ጂኤል-4፣ ሁለተኛውን የሚመጥነውን ጂኤል-5 ብሎ ሰይሟቸዋል። በሁለቱ መካከል በኬሚስትሪውም ላይ ለውጥ ተደርጓል፤ በሙቀት የሚበላሹትና አተላ የሚፈጥሩት የእርሳስና የክሎሪን ቅመሞች ቀስ በቀስ ቀርተው የድኝና የፎስፈረስ ውሕዶች ተተኩ። ጂኤል-5 በግምት የጂኤል-4ን ሁለት እጥፍ ቅመም ይይዛል፤ የዲፈረንሻሉ ቡሎን ሲፈታ አፍንጫን የሚወጋው ሽታም የዚሁ ድኝ ሽታ ነው።

ቁጥሩ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ነው ብሎ ማመን ግን በአሮጌ ካምቢዮ ላይ ትልቅ ጥፋት ያስከትላል። ምክንያቱን ለመረዳት በ1928 ካዲላክ ያስተዋወቀውን፣ ኧርል ቶምፕሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የፈለሰፈውን ሲንክሮናይዘር መመልከት ያስፈልጋል። ከእርሱ በፊት ማርሽ መቀየር የእጅና የእግር ጥበብ ነበር፤ ሁለት በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩ ጥርሶችን ሳያንቋቁ ማገናኘት የሚችለው ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ እየረገጠ የሞተሩን ዙር የሚያስተካክል ሾፌር ብቻ ነበር። ቶምፕሰን ከመገናኘታቸው በፊት ሁለቱን ወደ አንድ ፍጥነት የሚያመጣ የሾጣጣ ቀለበት አስገባ፤ ቀለበቱም በኋለኞቹ መኪኖች በአብዛኛው ከናስ ወይም ከነሐስ የሚሠራ ሆነ። ይህ ቀለበት ሥራውን የሚሠራው በሰበቃ ነው፤ በሾጣጣው ላይ ተጭኖ ዘይቱን በስስ ቦዮቹ ቆርጦ ያስወጣና ብረቱን ይይዛል፣ ይዞም ያዘገየዋል ወይም ያፈጥነዋል። እንግዲህ ጂኤል-5 በዚህ ቀለበት ላይ ሁለት ዓይነት ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። አንደኛው፣ ንቁ ድኝ መዳብ ካለበት ቅይጥ ጋር ተዋሕዶ ጥቁር የመዳብ ሰልፋይድ ይሠራል፤ ይህም ከለስላሳው ናስ ላይ እየተላጠ ቀለበቱን ያሳሳዋል። ሁለተኛውና በተግባር ቶሎ የሚታየው፣ ዘይቱ ከመጠን በላይ የሚያንሸራትት ስለሚሆን ቀለበቱ መያዝ ያቅተዋል፤ ሾፌሩ ከሁለት ወደ ሦስት ሲቀይር፣ በተለይ ጠዋት በብርድ፣ ጥርሱ ይንቋቋል። ብዙ ሰዎች ሲንክሮናይዘሩ አልቋል ብለው ካምቢዮውን ያስወርዳሉ፤ ተገቢውን ዘይት መመለስ ብቻውን ችግሩን የሚያቃልልበት ጊዜ አለ።

ነገሩን ወደ ፍርሃት መውሰድም አይገባም። የዛሬዎቹ ጥሩ ዘይቶች ድኙ መዳብን እንዳያጠቃ የሚከላከሉ ቅመሞች ስላሉባቸው፣ የጋለ ዘይት ውስጥ ስስ የመዳብ ቁራጭ ነክሮ ቀለሙን በማየት የሚደረገውን ፈተና በደህና የሚያልፉ ጂኤል-5 ዘይቶች ብዙ ናቸው፤ ሁለቱንም ደረጃ እናሟላለን የሚሉም አሉ። የፈተናው ውጤት ግን ስለ መበላት እንጂ ስለ ሰበቃ አይናገርም፤ ለዚህ ነው የአምራቹ መጽሐፍ ጂኤል-4 ያለው ካምቢዮ ጂኤል-4 ሊሰጠው የሚገባው። በተቃራኒው ዲፈረንሻል ጂኤል-5 ተብሎ ሳለ ለመቆጠብ ሲባል ደካማውን መሙላት ከዚህ የባሰ ስሕተት ነው፤ የሃይፖይድ ጥርስ አንዴ ከተቀደደ አይመለስም።

ቶምፕሰን በሁለተኛው ታላቅ ፈሳሽ ታሪክ ውስጥም አለ። ጄኔራል ሞተርስ ለ1940 ኦልድስሞቢል ያቀረበውን ሃይድራማቲክ የተባለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያዘጋጀውን ቡድን የመራው እርሱ ነበር፤ ይህ ካምቢዮ በ1954 ለሸቭሮሌ ፒክአፕም በምርጫ ቀርቧል። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ፈሳሹ ማለስለስ ብቻ ሳይሆን ኃይል ማስተላለፍ፣ በግፊት ቫልቮችን ማንቀሳቀስ፣ ሙቀት ማውጣትና በውስጡ ያሉት የፍሪሲዮን ንጣፎች በለሆሳስ እንዲያያዙ ማድረግ አለበት። የመጨረሻው ግዴታ ከሁሉ ይከብዳል፤ ንጣፎቹ ድንገት ቢያያዙ መኪናው ይመታል፣ ቢንሸራተቱ ይቃጠላሉ። ይህን ሚዛን ለመጠበቅ የተገኘው ነገር ከውቅያኖስ የመጣ ነበር፤ ስፐርም ከተባለው ግዙፍ ራስ ካለው ዓሣ ነባሪ የሚወጣው ዘይት። ይህ ዘይት እንደ ሌሎች የእንስሳት ቅባቶች ስብ ሳይሆን በኬሚካል ባሕርይው ፈሳሽ ሰም ነው፤ በሙቀት ቶሎ አይበላሽም፣ ከብረት ጋርም አጥብቆ ይጣበቃል። ከድኝ ጋር ሲዋሐድ ደግሞ ለጥርስ ዘይት የሚሆን ቅመም ይሆናል። በ1949 ጄኔራል ሞተርስ ያወጣው ዓይነት ኤ የተባለው ፈሳሽና በ1967 የተከተለው ዴክስሮን ይህን ዘይት የሰበቃ ማስተካከያ አድርገው ይጠቀሙበት ነበር።

በ1960ዎቹ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ20,000 በላይ ስፐርም ዓሣ ነባሪዎች ይገደሉ ነበር፤ ዘይታቸው ወደ መኪና ብቻ ሳይሆን ወደ ቆዳ ማለስለሻ፣ ወደ ማሽን ዘይትና ወደ ሌላም ይሄድ ነበር፤ ይሁንና በአሜሪካ መንገዶች ላይ ያለ ጩኸት ማርሽ የሚቀይሩት አውቶማቲክ መኪኖች ከፍላጎቱ አንዱ ምንጭ መሆናቸው አይካድም። በ1970 የአሜሪካ መንግሥት ይህን እንስሳ ሊጠፉ ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባና የዘይቱ ንግድ ሲዘጋ፣ የካምቢዮ ኬሚስቶች በአንድ ጊዜ ምርጥ ቅመማቸውን አጡ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያለ ዓሣ ነባሪ ዘይት የተዘጋጀው ዴክስሮን ሁለት የመጀመሪያው ቅጂ በማቀዝቀዣው ራዲያተር ውስጥ ያለውን ብየዳ የሚበላ ሆኖ በመገኘቱ፣ ዝገት ተከላካይ ቅመም የተጨመረበት ሌላ ቅጂ ሊተካው ግድ ሆነ። በአሪዞና፣ በካሊፎርኒያና በሜክሲኮ በረሃማ ምድር የሚበቅለው የጆጆባ ቁጥቋጦ ፍሬ ከክብደቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ፈሳሽ ሰም ያለው በመሆኑ በምትክነት ብዙ ተጠንቷል፤ አብዛኛውን ቦታ የያዙት ግን በቤተ ሙከራ የተሠሩ ውሕዶች ናቸው። አንድ ሕግ እንስሳን ለማዳን ወጥቶ የካምቢዮን ኬሚስትሪ ወደ ፊት መግፋቱ ከዚህ ታሪክ ክፍሎች ሁሉ የላቀ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፎርድ በበኩሉ በ1960ዎቹ ይዞት የነበረው ዓይነት ኤፍ የተባለ ፈሳሽ የሰበቃ ማለስለሻ የሌለበት ነበር፤ ንጣፎቹ በጥብቅ እንዲያያዙ ተደርገው ስለተሠሩ የጄኔራል ሞተርስ ፈሳሽ በውስጣቸው ያንሸራትታል። ሁለቱም ፈሳሾች ቀይ መሆናቸው ግን ባለቤቱን አንድ ናቸው ብሎ እንዲያምን አድርጎት ኖሯል።

የማከፋፈያ ሳጥኑ ታሪክ አጭር ነው። በ1946 ለሲቪል ገበያ የቀረበው ዶጅ ፓወር ዋገንና እርሱን የተከተሉት ባለአራት ጎማ መንጃ ፒክአፖች በጥርስ ብቻ የሚሠራ ከባድ ሳጥን ስለነበራቸው ወፍራም ዘይት ይሞላባቸው ነበር። በ1970ዎቹ ግን ኃይሉን ወደ ፊት በሰንሰለት የሚወስዱ ሳጥኖች መጡ፤ ኒው ፕሮሰስ 203 የተባለው የሞተር ዘይት፣ በ1980 የወጣው የአሉሚኒየሙ 208 ደግሞ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ፈሳሽ ይጠይቃሉ። ወፍራም ዘይት በሰንሰለቱ መገጣጠሚያዎችና ሳጥኑን በሚያለሰልሰው ትንሽ ፓምፕ ውስጥ እንደልብ አይዘዋወርም፤ በተለይ በብርድ ኩሽኔታዎቹን ሳይደርስ ይቀራል።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሁኔታው ይበልጥ ተወሳሰበ። የነዳጅ ቁጠባ ሕግ ሲጠብቅ አምራቾች ቀጭን ፈሳሽ በእጅ ወደሚቀየሩ ካምቢዮዎች አመጡ፤ በፎርድ ሬንጀር ውስጥ ያለው ባለአምስት ማርሽ ካምቢዮ ቀዩን የአውቶማቲክ ፈሳሽ ሲጠቀም፣ የአይሱዙ ፒክአፖችና የቤት መኪኖች ካምቢዮ ደግሞ ለብዙ ዘመን የሞተር ዘይት ሲጠጣ ኖሯል። የቶዮታ ሃይለክስ ዲፈረንሻል ጂኤል-5 ሃይፖይድ ዘይት ይፈልጋል፤ የመንሸራተት ገዳቢ የተገጠመለት ከሆነ ደግሞ፣ ማለትም አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ሲሽከረከር ኃይሉ ወደ ሌላው እንዲያልፍ የሚያደርጉ ትናንሽ የፍሪሲዮን ንጣፎች ካሉት፣ በዘይቱ ላይ የሰበቃ ማስተካከያ መጨመር አለበት። ይህ መሣሪያ በ1956 በፓካርድና በስቱድቤከር ከተዋወቀ ጀምሮ፣ ማስተካከያው የተረሳበት መኪና ሲታጠፍ የኋላ አክስሉ እየተንቀጠቀጠ ያንገራግራል።

ያገለገለ ፒክአፕ የሚገዛ ሰው ይህን ሁሉ ታሪክ አብሮ ይገዛል፤ የቀድሞው ባለቤት ምን እንደሞላበት ግን የሚነግረው የለም። ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት ያገለገሉ መኪኖች ብዙዎቹ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጡ በመሆናቸው መጽሐፋቸው በዐረብኛ ነው ወይም ጠፍቷል፤ በአዲስ አበባ ሱማሌ ተራ በሚገኙ መደብሮች የሚገዛ ያገለገለ ካምቢዮም ከየትኛው ሞዴልና ዓመት እንደወጣ የሚያመለክተው ሳጥኑ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ብቻ ነው። የአገሪቱ መልክዓ ምድር ምርጫውን ቀላል አያደርገውም፤ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ በማለዳ ብርድ የተነሣ መኪና በዚያው ቀን በአፋር ሙቀት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ የተጫነ ፒክአፕ በዝቅተኛ ማርሽ ተይዞ ሲወርድ፣ ጫናው ጥርሱ በተለምዶ ከሚሠራበት ፊት ወደ ጀርባው ይዞራል፤ ወዲያው ወደ ደጀን ሲወጣ ደግሞ ወደ ፊቱ ይመለሳል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ በደረጃው የተጻፈው ሁሉ ትርጉም አለው፤ «ዘጠና ዘይት» ብሎ መጠየቅ ግን ስለ ውፍረቱ እንጂ ስለ ቅመሙ ምንም አይናገርም።

የመቀየሩ ሥራ ራሱ ያልታወቀውን የኋላ ታሪክ ማንበቢያ ነው። ልምድ ያለው መካኒክ አስቀድሞ የሚፈታው የማፍሰሻውን ሳይሆን በጎን ያለውን የመሙያ ቡሎን ነው፤ ለዓመታት ያልተነካ የመሙያ ቡሎን ዝጎ አልፈታ ቢል፣ ዘይቱ ቀድሞ ከፈሰሰ መኪናው ደረቅ ሆኖ ይቀራልና። መኪናው ጥቂት ከተነዳ በኋላ ዘይቱ ሞቆ ሲፈስ ዝቃጩን ይዞ ይወጣል። የማፍሰሻው ቡሎን ጫፍ ላይ ባለ ማግኔት የሚሰበሰበው እንደ ጭቃ የለሰለሰ ጥቁር የብረት ብናኝ የተለመደ እርጅና ነው፤ በጣት ሲዳሰስ የሚሻክር ፍንጣሪ ወይም የጥርስ ስባሪ ግን ሳጥኑ ሊከፈት እንደሚገባ ያስጠነቅቃል። በማግኔቱ ላይ የማይያዝ፣ በፈሰሰው ዘይት ላይ በፀሐይ ሲታይ ወርቅማ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ደግሞ የሲንክሮናይዘሩ ናስ ነው። ዘይቱ ወተት መስሎ ከወጣ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ወንዝ ከመሻገር ይመጣል፤ የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባል፣ በመተንፈሻው ቀዳዳ ወይም ባረጀ የዘይት ማገጃ ጎማ በኩልም ውኃውን ወደ ውስጥ ይስባል። መተንፈሻው በጭቃ የተደፈነ እንደሆነ ደግሞ በተቃራኒው የውስጡ ግፊት ዘይቱን በማገጃው በኩል ወደ ፍሬን ሸራዎች ያስወጣዋል። አዲሱ ዘይት መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ እስከ መሙያው ቀዳዳ ከንፈር ድረስ ይሞላል፤ በአብዛኞቹ ካምቢዮዎችና ዲፈረንሻሎች ላይ ደረጃው የሚለካው በዚያ ከንፈር ነው።

ከ1990ዎቹ ወዲህ አንዳንድ አምራቾች የካምቢዮ ፈሳሽ ለመኪናው ዕድሜ የሚበቃ ነው ማለት ጀምረዋል። ይህ አነጋገር ለመጀመሪያው ባለቤት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለሦስተኛውና ለአራተኛው ባለቤት ግን የታሰበ አይደለም፤ ቅመሞቹ ያልቃሉ፣ ብናኙ ይጠራቀማል፣ ማገጃዎቹም ይደርቃሉ። ፒክአፖች ወደ ኤሌክትሪክ እየተሸጋገሩ ባሉበት በአሁኑ ጊዜም ጥያቄው አልቀረም። በኤሌክትሪክ ፒክአፕ አክስል ውስጥ ካምቢዮ ባይኖርም ፍጥነት መቀነሻ ጥርሶች አሉ፤ በብዙዎቹ ንድፎችም ያው ጥርሱን የሚያለሰልሰው ፈሳሽ የሞተሩን የመዳብ ሽቦዎች ያቀዘቅዛል። ስለዚህ የዘይት ኬሚስቶች ጥርሱን የሚጠብቅ ድኝ ከመዳብ ጋር ሳይጣላ በአንድ ሳጥን ውስጥ እንዲኖር ማድረግ ተጠይቀዋል፤ በዚህ ላይ ፈሳሹ ኤሌክትሪክ እንዳያስተላልፍ ገደብ ተጨምሮባቸዋል።